ያልተነቀሉ ቅርንጫፎች

ኪርክሆልም፣ ሰሜን እንግሊዝ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1976

ለልጄ ለዊኒ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽ ትሩልስ፣ ልጆቹ፣ ያ ሲያነጥስ የሚውለው ውሻችሁ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ጉልበቴን ካልጠየቅሽኝ ደህና ነኝ።

ደብዳቤውን ማን ጻፈልዎ ብለሽ መጠየቅሽ ከንክኖኛል። ማን ይጽፍልኛል? እናትሽ በነበረችበት ጊዜ እሷ ታነባለች፣ እሷ ትጽፋለች፣ እኔ እፈርማለሁ፤ ይህን ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እሷ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። አራት ዓመት ሙሉ በፖስታ የላክሽልኝን ትምህርት ምድጃ ያቀጣጠልኩበት መሰለሽ? ፊደሌ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ይሄዳል እንጂ የራሴ ነው።

ደግሞ የኖርዌይ መርከበኞችሽ፣ የምታስተምሪያቸው ጎረምሶች፣ የእንግሊዝኛውን ግስ ከእኔ አሳምረው ይጽፋሉ ብለሻል። ይጻፉ። የሰው ዕቃ የተዋሰ ሰው ተጠንቅቆ ነው የሚይዘው። እንግሊዝኛው የእኔ ስለሆነ እኔ እንደፈለግሁ እወረውረዋለሁ። እዚህ መንደር «እኛ ነበረ» ብትይ የሚስቅብሽ የለም።

አሁን ግን እንደፈለግሁ የምወረውርበት ጊዜ አይደለም። ባለፈው ሐሙስ አሸዋው ላይ ሰው ሞተ።

ከፕሬስተን የመጡ ሁለት እህትማማቾች ናቸው፣ ጡረተኞች፤ ሚስ ፖምፍሬት ይባላሉ ሁለቱም። ባሕሩ በሸሸ ጊዜ በእግራቸው ወደ ማዶ ሊሻገሩ ወጡ። መሪ አልያዙም። ቅርንጫፎቹን አይተው ተከተሉ። እኛ መሬቱ የጠነከረበትን ለማሳየት የምንተክለውን ማለቴ ነው። የተከተሉት ግን አሮጌውን መሥመር ነበር፤ አሸዋውን የሚያቋርጠው ወንዝ አቅጣጫውን ሳይቀይር ባለፈው ወር ደህና የነበረውን። ታላቂቱ ኢኒድ አሸዋው ውስጥ እስከ ወገቧ ገባች። ታናሺቱ በሆዷ ተኝታ ጮኸች። ሌላው መሪ ጋስካርት ሰምቶ በትራክተሩ ደረሰ፣ ታናሺቱን አወጣ። ለታላቂቱ ባሕሩ ቀደመው።

ፖሊሱ ሊንዳል ዓርብ ዕለት መጣ።

«ሚስተር ቴክስተን፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት አሸዋው ላይ የሠራ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ከታች ይፈርማሉ» አለኝ።

«እኔው እጽፋለሁ» አልኩት።

«አይድከሙ፣ ጌታዬ። የአምስት ደቂቃ ነገር ነው።»

«ድካሙ የእኔ አይደል?»

ሳቀ። «እናቴ፣ አሞስ ቴክስተን የገና ካርድ እንኳ ጽፎ አያውቅም ትላለች።»

«ለእሷ ስለማልልክላት ነው» አልኩት።

ለምን እንዲህ ግትር እንደሆንኩ አንቺ ታውቂያለሽ። አጎትሽ ዮናስ ከነጋሪውና ከነፈረሱ በሰመጠ ጊዜ እኔ ተናገርኩ፣ ፖሊስ ጻፈ፤ ማንበብ አልችልም ማለት አፍሬ ፈረምኩ። ለካ ወረቀቱ ዮናስ ሰክሮ ነበር ይላል። ዮናስ ከሻይ የጠነከረ ነገር ቀምሶ አያውቅም። ሰካራም ተብሎ ቀረ፣ ከሥሩም የእኔ ፊርማ አለበት። ሁለተኛ ሌላ ሰው በጻፈልኝ ቃል ላይ አልፈርምም።

የሞቱን ምክንያት የሚመረምረው ዳኛ ኦክቶበር 12 ቀን በሰበካው አዳራሽ ይቀመጣል። እኔ የጻፍኩትን ቆሜ አነባለሁ። አንቺና እኔ ግን ትምህርቱን ገና ከአሁን ጊዜ አላሳለፍነውም፤ ዳኛው የሚፈልገው ደግሞ ሁሉም ያለፈ ነገር ነው። እባክሽ ያለፈውን ላኪልኝ፣ ቶሎ።

ሰው ሁሉ ቅርንጫፎቹን ተክሎ የረሳቸው ጋስካርት ነው ይላል፤ በጋውን ሙሉ እንግዳ ሲያሻግር የከረመው እሱ ነውና። ፈቃዱን ይነጥቁታል እየተባለ ነው። «ሽማግሌው አሞስ እንደሆነ አንዲት ቅርንጫፍ ረስቶ አያውቅም» ይላሉ። ይህን ሲሉ እኔ ባርኔጣዬን እያገላበጥኩ አያለሁ።

አባትሽ፣
አሞስ ቴክስተን


በርገን
ሴፕቴምበር 20 ቀን 1976

አባባ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በድንጋጤ፣ ቀጥሎ በኩራት፤ ለሦስተኛ ጊዜ ያነበብኩበትን ምክንያት ከታች እነግርዎታለሁ። ማን ጻፈልዎ ማለቴን ይቅር ይበሉኝ። ትሩልስ «ይህ ሰው እንደሚናገር ነው የሚጽፈው» ብሎ እየሳቀ ለልጆቹ አነበበላቸው፤ ሐሙስ የሚለው ጋ ሲደርስ አቆመ።

ትምህርቱን በሌላ ወረቀት አድርጌዋለሁ። ለመርከበኞቹ የምላቸውን ለእርስዎም ልበል፦ ነገሩ አልቆ ጊዜውም ከተዘጋ አንድ መልክ አለው። ነገሩ አልቆ ፍሬው እስካሁን እዚህ ካለ መልኩ ይለወጣል። ካለፈ ነገር በፊት ያለፈ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ሳይጨርሱት ሌላ ነገር የደረሰበትም የራሱ አለው። መርከበኞቹ እዚህ ላይ «አንድ ያለፈ ጊዜ ለምን አይበቃችሁም፣ ምን ያህል ጥፋት ብትሠሩ ነው?» ብለው ይጮኹብኛል። እርስዎ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ስለ ሐሙስ አይጻፉ። ስለ ሻይ ማንቆርቆሪያው ይጻፉ፦ ጣድኩ፣ ጥጃለሁ፣ ጥጄ ነበር፣ እየጣድኩ ነበር። እጅዎ ሲለምድ ወደ ሌላው ይሄዳሉ።

አሁን ምክንያቴን። ስለ ሴቶቹ ጽፈዋል፣ ስለ ጋስካርት ጽፈዋል፣ ስለ ፖሊሱ እናት ሳይቀር ጽፈዋል። ስለ ራስዎ ግን ባርኔጣ ከማገላበጥ በቀር ምንም የለም። በዚያ ሳምንት እርስዎ የት ነበሩ?

ልጅዎ፣
ዊኒ


ኪርክሆልም
ሴፕቴምበር 26 ቀን 1976

ለልጄ ለዊኒ፣

ትምህርቱ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥሽ። የሻይ ማንቆርቆሪያውን ግን ተዪው። ሦስት ቀን ስጥደውና ሳወርደው ከረምኩ፣ አልገባኝም። የገባኝ በቅርንጫፍ ነው፤ ልንገርሽ፣ ለመርከበኞችሽም ንገሪያቸው።

«ተከልኩ» ካልኩ ባሕሩ ተመልሶ አልፎበታል፤ ቀኑ ተከድኗል። «ተክያለሁ» ካልኩ ቅርንጫፉ አሁንም ቆሟል፤ ሄደሽ በእጅሽ ልትነኪው ትችያለሽ፣ ሰውም ይከተለዋል። «ተክዬ ነበር» ካልኩ ከዚያ ወዲህ ወንዙ ዞሯል፤ ትናንት እውነት የነበረው ዛሬ ሰው ይገድላል። አንድ ያለፈ ጊዜ አይበቃም ወይ የሚልሽ ካለ አንድ ቀን ከእኔ ጋር ይውጣ።

አራተኛውን አልወደድኩትም። «እየተከልኩ ነበር» የሚለውን። አጎንብሰሽ ሳለ በጀርባሽ የሚመጣ ነገር አለው። በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። መጽሐፍሽ ላይ ያሉትን ምሳሌዎች ሁሉ አየሁ፤ አንዲት ሴት እየታጠበች ነበር፣ ስልክ ጮኸ፤ አንድ ሰው እየነዳ ነበር፣ ላም መንገድ ገባች። በሰላም ያለቀለት የለም።

የት ነበሩ ላልሽው፣ የት እሆናለሁ? እዚሁ ነበርኩ።

ጋስካርት ቅዳሜ ምሳ ሰዓት መጠጥ ቤት ገባ። ከዚያች ቀን ወዲህ መግባቱ የመጀመሪያው ነው። ሁሉም ዝም አለ፤ እንደምታውቂው የእኛ ሰው ዝም ካለ ቀጥሎ መናደፉ ነው። ያ ለፍላፊው ታይሰን ብርጭቆውን አንሥቶ፣ «ጋስካርት፣ ወደዚህ የሚያመጣውን መንገድ ማን ምልክት አደረገልህ?» አለው።

«ሚስትህ» አለው ጋስካርት። «እሷ መንገዱን ለብዙ ሰው አሳይታለች።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ ታይሰን እንኳ ሳቀ። ጋስካርት ግን አልሳቀም። መጥቶ ከጎኔ ቆመ። ከስቷል። እጁ ላይ ሴትዮዋን ሲያወጣ ገመዱ የላጠው ቆዳ ገና አልዳነም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አሞስ፣ አሮጌዎቹን ነቅለሃቸው ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

«ስንት ዓመት ታውቀኛለህ?» አልኩት።

«አርባ» አለ። ቢራውን ሳይጨርስ ወጣ።

እስካሁን የጻፍኩት ይኸውልሽ፣ አርሚልኝ። «ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 7 ቀን፣ አዲሱን መሥመር ተከልኩ። ወንዙ በዚያው ሳምንት ዞሮ ነበር። ከዚያ አሮጌዎቹን ቅርንጫፎች እየነቀልኩ ነበር፣ በዚህ መሃል»

ከዚህ በኋላ ቀለሙ አለቀብኝ።

ድንቹ ዘንድሮ በሽታ ገብቶበታል። ከላይ ደህና ይመስልና ስትቆርጪው መሃሉ ጠቁሯል። ዝናቡ ዘግይቶ መጥቶ ነው፤ ለጎረቤቴ ለወይዘሮ ክሮስፊልድ ቀድመሽ አውጪው ብያት ነበር፣ አልሰማችኝም፤ አሁን ደግሞ የእኔ ነው የተበላሸው፣ የእሷ ደህና ነው። ልጆቹን ሳሚልኝ።

አባትሽ፣
አሞስ ቴክስተን


በርገን
ኦክቶበር 1 ቀን 1976

አባባ፣

ቀለሙ አላለቀብዎትም። ከዚያ በታች ስለ ድንች ብቻ ሰባት መሥመር ጽፈዋል።

ከመርከበኞቹ አንዱ እንዲህ ጽፎ ቢያመጣልኝ «አልተጨረሰም» ብዬ በቀይ ቀለም እመልስለት ነበር። ለእርስዎ ቀይ ቀለም አልያዝኩም። ግን ከትናንት ጀምሮ የምሠራው ሁሉ ከእጄ ይወድቃል። ልጆቹ የምን ደብዳቤ ነው ሲሉኝ ስለ ድንች ነው አልኳቸው።

በዚህ መሃል ምን ሆነ? ለዳኛው አይጻፉት። ለእኔ ብቻ ይጻፉት። ግሱ ይሳሳት።

ዊኒ


ኪርክሆልም
ኦክቶበር 5 ቀን 1976

ዊኒ፣

ግሱ ይሳሳት ስላልሽ እንደመጣልኝ እጽፋለሁ። ሰላምታውንም ለሌላ ቀን አቆዪልኝ።

አሮጌዎቹ አርባ ሁለት ነበሩ። ሃያ ስድስቱን ነቅዬ ትራክተሩ ላይ ጫንኩ። ሃያ ሰባተኛው ጋ ስደርስ አሸዋው ከእግሬ ሥር እንደ ገንፎ ተንቀጠቀጠ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ልጅ ሆነሽ ስወስድሽ አሳይቼሻለሁ፤ ሲንቀጠቀጥ አትሮጪም፣ አትቆሚም፣ በቀስታ ወደ መጣሽበት ትረግጪያለሽ። ሺህ ጊዜ አድርጌዋለሁ። የዚያን ቀን ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ቆሜ ቀረሁ። ዮናስን አላሰብኩም፣ እናትሽን አላሰብኩም። ፍርሃት ብቻ ነበር፣ እንደ ብርድ፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ። እንደ ሕፃን ሱሪዬን አረጠብኩ። ይህንንም እንግዲህ ጻፍኩልሽ።

ውሃው ሩቅ ነበር። ይህን እወቂ። ጊዜ ነበረኝ። ሌላ ሰው ጊዜ አልነበረውም ይሆናል ቢልሽ አትመኚው። እንደምንም በእጄና በጉልበቴ ድሄ ትራክተሩ ጋ ደረስኩና ወደ ቤቴ ነዳሁ። አሥራ ስድስት ቅርንጫፍ ቆሞ ቀረ። ነገ እመለሳለሁ አልኩ። ረቡዕ ቦት ጫማዬን አድርጌ በሩ ድረስ ሄድኩ፣ ተመልሼ አወለቅሁት። እንደገና አደረግሁት። እንደገና አወለቅሁት። ሐሙስ እነሱ መጡ።

ለጋስካርት መንገር እችል ነበር። «ጋስካርት፣ የቀሩትን ንቀልልኝ» ብል ያለ አንድ ጥያቄ ይሄድ ነበር። ቤቱ ከቤቴ ስንት እርምጃ ነው? ግን ለምን ብሎ በዓይኑ ቢያየኝስ ብዬ ፈራሁ። ከአሸዋው የበለጠ የፈራሁት ያንን ነው።

አሁንም የምፈራው እስር ቤት አይደለም። የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ አስረው ምን ሊያደርጉት? የምፈራው መንደሩ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ታይሰን በተቀመጠበት፣ «ፈራሁ» የምትለዋን ቃል በራሴ አፍ ማንበብ ነው። የዚህ ቤት ሰዎች አምስት ትውልድ ይህን አሸዋ ተሻግረዋል፤ ይህን ቃል የተናገረ የለም። ተሰምቷቸው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አልተናገሩም።

ዝም ካልኩ ደግሞ ጋስካርት ዕድሜውን ሙሉ ሴትዮዋን ያስገደለ ሰው ሆኖ ይኖራል። ሚስቱ ዳቦ ልትገዛ ስትገባ ሌሎቹ ሴቶች ወሬ ያቋርጣሉ አሉ፤ አሁን ጭራሽ መሄዱን ትታዋለች። እሱ አንዷን ነፍስ ያወጣ ሰው ነው። እኔ መስኮት ላይ ቆሜ የእሱን ትራክተር ድምፅ የሰማሁ ሰው ነኝ።

ሁለት ወረቀት ጽፌያለሁ። በአንደኛው ውስጥ አሥራ ስድስቱ ቅርንጫፎች የሉም። ስድስት ጊዜ ገልብጬ፣ ከመጽሐፍሽ ጋር እያመሳከርኩ ነው የጻፍኩት፤ ያለፈው ያለፈ ነው፣ ከዚያ በፊት ያለፈውም በቦታው ነው፣ አንድም ስህተት የለበትም። ብታዪው ትኮሪብኝ ነበር። ሁለተኛው እንደዚህ ደብዳቤ የተዘበራረቀ ነው። እንድታርሚው አልልክልሽም።

የትኛውን ይዤ እንደምቆም አላውቅም። እየዋሸሁ አይደለም፣ አላውቅም።

አባትሽ


ኪርክሆልም
ኦክቶበር 14 ቀን 1976

ለልጄ ለዊኒ፣

ቴሌግራምሽ ሰኞ ነው የደረሰኝ፣ ማክሰኞ ከመቆሜ በፊት። ስለዚህ ዘግይቶ ደርሶ ይሆን ብለሽ አትጨነቂ። «ጠበቃ ሳያማክሩ አያንብቡ፣ እለምንዎታለሁ» ይላል። አንብቤ አስቀመጥኩት። እንዳልተቀየምሽኝ ከእሱ ገባኝ። አንቺም እንደ እኔ ፈሪ መሆንሽም ገባኝ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ አጽናናኝ።

ሁለቱንም ወረቀት በሁለት ኪሴ ይዤ ገባሁ። ዳኛው ስሜን እስኪጠራ ድረስ አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን ስዳብስ ነበር። ከፊት ወንበር ጋስካርት ተቀምጧል፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ማበጠሪያ ያልነካው ጠጉሩን ከኋላ አየሁት። ሚስቱ አብራው የለችም። ያን ጊዜ ያልታረመውን አወጣሁ።

ምን እንደተባለ ጋዜጣው ይነግርሻል። እኔ የማስታውሰው «ፈራሁ» የሚለው ጋ ስደርስ መነጽሬ በላብ ተሸፍኖ እንዳላይ መከልከሌን ነው። ግን ያን ቃል ማየት አላስፈለገኝም። ዳኛው አደጋ ነው ብሎ ወሰነ፣ ምልክቶቹ በእኔ ቸልታ እንደቀሩም በስሜ አስጻፈ። አላሰሩኝም። አሸዋው ላይ ቅርንጫፍ መትከል ግን ከእንግዲህ የጋስካርት ነው። ታይሰን ምን አለ ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። በሩን ያዘልኝ። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ጋስካርት ደጅ ላይ ጠበቀኝ።

«አምስት ሳምንት» አለኝ። «አምስት ሳምንት ሙሉ፣ አሞስ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም» ብሎ ሄደ። ልክ ነው። ይቅር ይለኛል ብዬ አልጠብቅም፣ አንቺም ልለምንልዎ አትበዪኝ። በዚያው ቴሌግራም ወደ በርገን መጥተው ከእኛ ጋር ይክረሙ ላልሽውም፣ እናንተ ጋ ተደብቄ መክረም አልፈልግም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ በሩ ተንኳኳ። ሚስ ፖምፍሬት ናት፣ የተረፈችው እህት፣ ሚዩሪየል የምትባለው። ከፕሬስተን በመጀመሪያው ባቡር ነው የመጣችው። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ዝግጁ ሆንኩ። ቀጭን ሴት ናት፣ የአስተማሪ ድምፅ አላት።

«ሚስተር ቴክስተን፣ ኢኒድ የቆመችበትን ቦታ ማየት እፈልጋለሁ» አለችኝ። «የዚያን ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

«ሚስተር ጋስካርት ይውሰድዎት» አልኳት። «ዛሬ አሸዋውን የሚያውቀው እሱ ነው።»

«ሄጄ ነበር። መልካም ሰው ነው። ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም፣ አይዞዎት አለኝ።» ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች። «ኢኒድም እንደዚያው ነበር ያለችኝ።»

በሩን አስፍቼ ከፈትኩላት።

«እርስዎ ግን ይፈራሉ» አለችኝ።

«አዎን» አልኳት። ደጃፌ ላይ ቆሜ፣ ወይዘሮ ክሮስፊልድ ልብስ እያሰጣች እየሰማች።

«እንግዲያው የምሄደው ከእርስዎ ጋር ነው።»

ጋስካርት ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁት። ሊከለክለኝ ይችል ነበር፣ አሁን መብቱ ነው። ፊቱን ሳያዞርልኝ የዛሬውን መሥመር ነገረኝ፣ ከየትኛው ቅርንጫፍ ወዲያ ማለፍ እንደሌለብን ነገረኝ፣ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ትራክተሩን ይዞ ዳር ላይ እንደሚቆምም ነገረኝ። «ለእሷ ብዬ ነው» አለ።

ባሕሩ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይሸሻል። ሚስ ፖምፍሬት ወጥ ቤት ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። ጫማዋ ለአሸዋ የሚሆን ስላልሆነ የእናትሽን ቦት ሰጥቻታለሁ፤ ስለሰፋት ካልሲ ደርባለች። ይህን የምጽፍልሽ እጄ ሥራ እንዲይዝ ነው።

አሁን ቀና ብላ አየችኝ። «ተዘጋጅተዋል?» አለችኝ።

«አልተዘጋጀሁም» አልኳት። እሷም ተነሣች።

አባትሽ፣
አሞስ ቴክስተን